ሦስት ዓመት የቀረው ውል

ልጄ፣

ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። እንቁላሌን ራሴ እጠብሳለሁ፤ ከማሳርርበት ቀን የማላሳርርበት ይበዛል። ፀሐይ እስካለች ድረስ መኪናዬን እነዳለሁ። ዘንድሮ ከደጄ ላይ በረዶ የጠረገልኝ ሰው የለም፤ እንዲያውም የጎረቤታችንን የማርሊስን ደጅ የጠረግኩት እኔ ነኝ። መሰላል አልወጣም ብዬሽ ነበር፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ከሦስተኛው እርከን በላይ አልወጣሁም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አልችልም፤ እሱን ግን በሠላሳ ዓመቴም አልችልም ነበር።

ይህን የምዘረዝርልሽ ለጉራ አይደለም። ቆይተሽ ይገባሻል።

አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ? ያቺ የተሰፋች ጉልበትሽ በዚህ ዝናብ እንዴት አደረገችሽ? የሆቴል ፍራሽ ላይ እንቅልፍ ይወስድሻል? የሰው ቤት ምግብ ተስማማሽ? የመኪናሽ ፍሬን ሲያፏጭ እሑድ ሰምቼዋለሁ፤ ሳታሳይው ለቡድንሽ ሥራ ሚዙሪ ድረስ እንደሄድሽም አውቃለሁ። በእልኸኝነት እኔን ነው የወጣሽው፤ መልክሽን ግን እግዚአብሔር ይመስገን ከእናትሽ ነው የወሰድሽው።

አራት መንገድ ተሻግሬ በርሽን ማንኳኳት ስችል ለምን እንደምጽፍልሽ ትገረሚ ይሆናል። ፊት ለፊት ስንሆን አንቺ ትረቺኛለሽ። ገና አንድ ቃል ስጀምር «አባባ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?» ትይኛለሽ፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስልክ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ መኪና እየነዳሽ ነው። ወረቀት ግን አያቋርጥም። በቤታችን ደብዳቤ መጻፍ የእናትሽ ሥራ ነበር፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ላም ማለብ የጀመርኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ያሰብኩትን ለማስፈር ማንንም አልለምንም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ማታ ስትመለሺ ከፖስታ ሳጥንሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ነገ ዓርብ ለእነዚያ ሰዎች የመጨረሻ መልስ የምትሰጪበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ሻንጣሽን ሳትፈቺ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ያለችውን የእኛን የሽማግሌዎች ጠረጴዛ ታውቂያታለሽ። ገና ኮፍያዬን ሳላወልቅ ቨርሊን «ኧረ ተነሱለት! የታላቁ ዩኒቨርሲቲ አማች መጣ!» አለ። ምን እንደሚቀባጥር አልገባኝም። ጋዜጣውን ገልብጦ አፍንጫዬ ሥር አደረገው። ያ በደቡብ ያለው፣ አዳራሹ አሥራ አራት ሺህ ሰው የሚይዘው ዩኒቨርሲቲ፣ አንቺን ለሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑ አሰልጣኝነት እንደሚፈልግሽ ተጽፏል።

«ልጄ ውል አላት» አልኩ። «ለብራኖክ ኮሌጅ አምስት ዓመት ፈርማ የሠራችው ሁለት ነው። ሦስት ይቀራታል። ከእኛ ቤት ሰው ውል አያፈርስም።»

«ውል!» አለ ቨርሊን። «የዘንድሮ አሰልጣኝ ውል እንደ ሆቴል ቁልፍ ነው። ሻንጣህን እስክታነሳ ድረስ ብቻ ነው ያንተ።»

«አንተን እኮ ሚስትህ ያልተወችህ ውል ስለፈረመች ነው» አልኩት።

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። «የለም፣ እሷስ የማፍረሻው ክፍያ ከብዷት ነው» አለ።

እሑድ ለምሳ መጣሽ። ድንቹን እየቆረስሽ፣ ስለ ሌላ ነገር እንደምታወሪ ሆነሽ፣ «ደውለውልኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳቸው። እስከ ዓርብ አስቢበት ብለዋል፤ የሚታሰብ ነገር የለውም። ውል ውል ነው አባባ» አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? «ጎሽ የእኔ ልጅ» አልኩና ሥጋ ጨመርኩልሽ። እናትሽ ብትኖር ኖሮ ሹካዋን አስቀምጣ ዐይን ዐይንሽን ታይ ነበር። እኔ የማየው ሳህኑን ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ተርኪ ዶሮ ተነፍቼ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ነዳጅ ማደያ ሄጄ ቨርሊንን «አንተ የሆቴሉ ዘበኛ» እያልኩ ከሰዎቹ ፊት አዋረድኩት። ቡናውን ጨልጦ ወጣ። እሱ ሳይመልስ ሲወጣ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ማክሰኞ ማርሊስ ሾርባ ይዛ መጣች። ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ መሄድ ሲገባት ቆመች። «ልጅህ እሑድ ስትመጣ አይቻት ነበር» አለችኝ። «ደጅህ ላይ መኪናዋን አቁማ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጠች። ሞተሩን አጥፍታ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ። ከዚያ በመስታወት ፊቷን አይታ፣ ጠራርጋ፣ ፈገግ ማለት ተለማምዳ ገባች።»

«የሰው ደጅ በመስኮት መጠበቅ ሥራሽ ሆነ?» አልኳት።

«አዎ፤ ደመወዝ የለውም እንጂ» አለችኝ። «አሁን ሾርባህን ብላ፤ አንተ ደንቆሮ ሽማግሌ።»

ሾርባው ቀዘቀዘ። ልጄ የራሷን አባት ቤት ለመግባት ፈገግታ ስትለማመድ! ተቀምጬ ሳስበው እንዲህ መሰለኝ፦ መሄድ ትፈልጋለች፤ የያዛት ውሉ ነው፤ ውሉን ለማፍረስ ደግሞ ስድሳ ሺህ ዶላር መክፈል አለባት፤ ጋዜጣው ላይ ተጽፏል፤ ከየት ታመጣለች? ይኸው ነው የገባኝ። እኔ ለገባኝ ነገር እንቅልፍ አላጣም፤ ተነስቼ እሄዳለሁ። ረቡዕ ጠዋት ባንክ ሄጄ ትራክተሩን የሸጥኩበትንም፣ ለመቃብሬ ያስቀመጥኩትንም በአንድ ቼክ አጻፍኩ። ለቀብር የምለብሰውን ሱፍ ለብሼ፣ ጫማዬን ቀብቼ፣ ወደ ኮሌጁ ስፖርት ክፍል ኃላፊ ገባሁ።

ያ ብሬደን የሚባለው ልጅ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ፤ አስተዳደጉ ደግ ነው። «አቶ ቶርሰን፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ቼኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«የልጄ ውል ማፍረሻ ነው» አልኩት። «ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቀረውን በየወሩ አመጣለሁ። ደረሰኝ ጻፍልኝ።»

ቼኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ቼኩን አየ። አልሳቀም፤ እሱን አመሰግነዋለሁ። «አቶ ቶርሰን» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይህን እኮ አሰልጣኞች ከኪሳቸው አይከፍሉም። የሚወስዳቸው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚከፍለው። ከእነሱ ባንክ ወደ እኛ ባንክ ይገባል፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሄዱት?» አልኩት።

«ሁሉም።»

አርባ አንድ ዓመት የኮሌጁን የኳስ አዳራሽ፣ የጂሙን ወለል ስወለውል ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። እነዚያ ጥለውን የሄዱት በሙሉ ዕዳ ተሸክመው የሄዱ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም የእጃቸውን አገኙ እል ነበር።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ልጁ ግን ሊያጽናናኝ ፈለገ። «ደግሞ እኔ እስከማውቀው እሷን የያዛት ገንዘብ አይደለም» አለኝ። «ስትቀጠር ለአዲስ ሰው የምንሰጠውን የሦስት ዓመት ውል ነበር ያቀረብኩላት። አምስት ካልሆነ አልፈርምም ያለችው ራሷ ናት። እንደዚህ ያለ አሰልጣኝ አይቼ አላውቅም። ለምን አምስት ስላት ‹አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው የሞተው› አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።»

ይህን ብሎ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጆሮው ቀላ። ወረቀት መፈለግ ጀመረ።

ቼኬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ስትፈርሚ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለዚህ ድምር ሰባተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም።

አልተቀየምኩሽም ልጄ። በዚህ ነገር ሌላ ቃል አልጨምርም፤ አንቺም እንዳትጨምሪ።

ወደ ቤቴ መሄድ አልቻልኩም። እግሬ ወደ ጂሙ ወሰደኝ። ጡረታ ስወጣ ቁልፉን መልስ ያለኝ ስላልነበረ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው። የኳስ ማስቀመጫዋን ክፍል ከፈትኩ። ያቺ ጣውላ እንዳለች ናት፤ የድሮው ወለል ሲነሳ አንዷን አስቀርቼ ከበሩ ኋላ በምስማር የመታኋት። አዲስ አሰልጣኝ ሲፈርም በዚያው ቀን እዚያ አስገብቼ ስሙን አስጽፌ በላዩ ቨርኒሽ እቀባበት ነበር። ውሉን ጨርሶ የሄደ ስሙ ይኖራል። ሳይጨርስ የሄደውን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ኮሌጁም አያውቅም። የራሴ ሕግ ነበር። ሰባት ሰው ፍቄያለሁ፤ የመጨረሻዋን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሄጄ ነው የፋቅኳት፤ ካንቺ በፊት የነበረችው፣ በአንድ ዓመቷ የሄደችው።

ሰባት የነጡ ቦታዎች። ከበታቻቸው የአንቺ ስም።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ ትዝ አልሽኝ። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። አሰልጣኝ ሃልቨርሰን ሁለት ዓመት ሲቀረው ወደ አሪዞና የሄደ ጊዜ። በየበጋው የከተማችንን ሴት ልጆች ሰብስቦ የሚያስተምረው እሱ ነበር፤ በግራ እጅሽ መወርወር እንዳታፍሪ ያደረገሽ እሱ ነው። እኔ ስሙን ስፍቅ አንቺ የጥራጊ ማፈሻውን ይዘሽ ከሥር ቆመሽ ነበር። ዱቄቱ እየወረደ እጅሽ ላይ ይነጠፋል። «አባባ፣ እሱ እኮ ጥሩ ሰው ነው» አልሽኝ። እኔ «ጥሩ ሰው የጀመረውን ይጨርሳል» አልኩሽ። ማፈሻውን ወስደሽ ደፋሽ፣ አጥበሽም መለስሽው።

ቤት ገብቼ ስልኩን አነሳሁ። የሃልቨርሰንን ቁጥር ከቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ተቀበልኩ፤ እሷ የሌላት ቁጥር የሙታን ብቻ ነው። ብዙ ጠርቶ አነሳው።

«ቶርሰን ነኝ፤ ከብራኖክ ጂም» አልኩት።

«ቶርሰን! አልሞትክም እንዴ?»

«ገና ነኝ። አንተስ?»

«እኔማ ሁለቴ ሞክሬ አልተሳካልኝም» አለ። ሳቁ ያው ነው።

የመጣሁበትን ነገር ዙሪያ ጥምጥም ማውራት አልችልበትም። «የደወልኩት ስለ ጣውላዋ ነው» አልኩት። «ስምህን ስለ ፋቅኩት።»

«የምን ጣውላ?» አለኝ።

ነገርኩት። «ጣውላ... ጣውላ...» እያለ ቃሉን ደጋገመው። የተቀየመ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለማስታወስ እየሞከረ ነው። «አዎ፣ አንድ ጊዜ የሆነ እንጨት ላይ አስፈርመኸኛል» አለ። «ፋቅከው? መቼ? ለምን?» ውልህን ስላፈረስክ አልኩት። «ቶርሰን ወንድሜ፣ እኔ የሄድኩት እኮ ሚስቴ በረዶ ስለሰለቻት ነው» አለኝና እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ገባሽ ልጄ? አያውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት የቀጣሁት ሰው መቀጣቱን አልሰማም። ከሰባቱ አንዳቸውም አያውቁም። ወለሉ አያውቅ፣ ኮሌጁ አያውቅ። በዚህ ምድር ላይ ያ ቅጣት የደረሰው አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ማፈሻ ይዛ በቆመችው ልጅ ላይ።

ሃልቨርሰን ስልኩን ሳይዘጋ «ያቺ ግራኝ ልጅህስ? አሁን ምን ትሠራለች?» አለኝ። አሰልጣኝ ናት አልኩት። «አውቄዋለሁ!» አለ፤ ደስ አለው። «የት ነው ያለችው?»

«እዚሁ፤ ብራኖክ» አልኩት።

«እዚያው?» አለኝ። «ምነው፣ ምን ሆና?»

ምን ሆና። ሰውዬው ክፉ ሐሳብ የለውም፤ እንዲያው የመጣለትን ነው የጠየቀው። እኔ ግን «ደህና ሁን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከስልኩ በኋላ ተመልሼ ጂም ሄድኩና የሰባቱን ስም በየቦታው መልሼ ጻፍኩ። ፊደሉ የዶሮ ጭረት ይመስላል፤ ግን ይነበባል። የአንዱን ስም ፈጽሞ ረሳሁት፤ ስለዚህ «ያ ቀይ ጫማ ያለው» ብዬ ጻፍኩ። ከመጣ ያርመው። የብርጭቆ ወረቀቱን ከመደርደሪያው አንስቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

አሁን ስለ እናትሽ ልንገርሽ፤ ስለ ራሷ ብዙ አታወራም ነበርና። እሷ የተጫወተችው በድሮው የአዮዋ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሕግ ነው፤ ስድስት ለስድስት። ሜዳው ለሁለት ይከፈላል፤ ሦስቱ ልጆች ያገባሉ፣ ሦስቱ ይከላከላሉ፤ የመሃሉን መስመር ማንም አታልፍም። እናትሽ ተከላካይ ነበረች። አራት ዓመት ስትጫወት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቅርጫት ሳትወረውር ጨረሰች። ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። «ኳሱን ነጥቄ መስመሩ ድረስ አደርሳለሁ፣ ለልጆቹ እሰጣለሁ፣ ከዚያ ቆሜ ጀርባቸውን አያለሁ» አለችኝ።

አንቺ ሁለተኛ ደረጃ ስትገቢ ያ ሕግ ተነሳ። የመጀመሪያ ጨዋታሽ ዕለት ኳሱን ነጥቀሽ ሮጥሽ። እናትሽ ክንዴን ጨበጠችኝ። «አለፈች» አለችኝ። «አንተ! አለፈች እኮ!» ጥፍሯ ክንዴ ላይ ለሳምንት ታትሞ ነበር። እኔ በዚያን ሰዓት የማየው ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ወለሉን። ጫማሽ እንዳይጭረው።

እንግዲህ የምልሽ ይህን ነው። ነገ ጠዋት ደውለሽ እሺ በያቸው። «አስቤ ነው» አትበያቸው፣ «አባቴ ፈቀደልኝ»ም አትበያቸው፤ አርባ ስድስት ዓመትሽ ነው፣ ያሳፍራል። እሺ ብቻ በያቸው። አሥራ አራት ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ወለሉ ምን ዓይነት እንጨት እንደሆነ አይተሽ ጻፊልኝ።

የእኔን ነገር ተይው። መጀመሪያ ላይ ዘርዝሬልሻለሁ፤ ካላመንሽ መልሰሽ አንብቢው። ሾርባ በየማክሰኞው ይመጣል። ሰሞኑን ደግሞ ሐሙስም ይመጣል፤ ቅዳሜም ካርታ እንጫወታለን፤ ታታልላለች። ስለዚህ ነገር ጥያቄ እንዳታበዢብኝ።

የቡድንሽ ልጆች እንደሚያሳስቡሽ አውቃለሁ። አንቺን ከገንዘቡ ይልቅ የሚበላሽ እሱ ነው። ባለፈው መከር ልጆቹን ልትመለምይ በየቤቱ ስትዞሪ ይዘሽኝ ሄደሽ አልነበር? ለብቻዬ እንዳልሆን ብለሽ ነው ይዘሽኝ የሄድሽው፤ አሁን ገባኝ። ግን ደግ አደረግሽ። ዋተርሉ ከተማ፣ የተጫዋችሽ የጃኔል እናት ቤት የሆነውን ታስታውሻለሽ። ከሆስፒታል ሥራዋ መጥታ፣ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ዶሮ ጠብሳ አበላችን። «ልጄን አራት ዓመት ትጠብቂልኛለሽ?» አለችሽ። አንቺ መልስ ሳትሰጪ እሷ ወደ እኔ ዞረች። «አባት፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ልጅዎ ቃሏን ትጠብቃለች?» አለችኝ። እኔ ዶሮውን እንኳ ሳልውጥ «የእኔ ልጅ ከጀመረችው አትወጣም» አልኩ። ሴትዮዋ የፈረመችው ያኔ ነው። አንቺን አይደለም ያመነችው፤ አፉ የሞላ ሽማግሌን ነው ያመነችው። ስለዚህ ያ ቃል የእኔ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። ልትወስጂብኝ አትችይም።

የምትሄጂበት በር ሳታንኳኪ ይከፈትልሽ። ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ድምፅሽም አይዘጋ። የምታሠለጥኛቸው ልጆች ይስሙሽ፤ እንቢ ያለችሽ አንዷ ደግሞ እንደ አንቺ ሆና ትገኝ። ስታሸንፊ የሚያቅፍሽ፣ ስትሸነፊ ዝም ብሎ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው እግዚአብሔር ይስጥሽ። እናትሽ ከላይ ሆና ክንዱን የምትጨብጠው ሰው አታጣም።

ዕዳ ትቼ እየሄድኩ ነው ብለሽ እንዳትሳቀቂ። ገንዘቡን ባለገንዘቦቹ ይከፍላሉ። ሌላውን እኔው በእጄ እከፍላለሁ፤ እንዳትነኪብኝ። ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳለ፣ ዋተርሉ ሄጄ የጃኔል እናት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ «ያልኩሽ አልሆነም፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ የመጣሁትም እንድትቆጪኝ ነው» ልላት ነው። በስልክ አይሆንም። ጃኔል እዚህ ከቀረች እሑድ እሑድ ምሳዋ እኔ ቤት ነው፤ ሌሎቹም ርቧቸው ከመጡ ድንች ሞልቷል። ለቨርሊን ሰው ፊት ስላዋረድኩት ሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል አለብኝ፤ እሷ ትከብደኛለች፤ ግን ሰኞ ትከፈላለች። በቦታሽ የሚመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ መጀመሪያ እጁን የምጨብጠው እኔ ነኝ፤ ስንት ዓመት ትቆያለህ ብዬም አልጠይቀውም።

ከውልሽ የቀረችው ሦስት ዓመት ደግሞ አለች። እሷን ለማንም አልሰጥም። እኔ እጨርሳታለሁ።

አባትሽ